ከበግ ነው አልኳት

ለንደን፣ ብሪክስተን
ታኅሣሥ 12 ቀን 1986 ዓ.ም.

ይድረስ ለነፍስ አባቴ ለመምሬ ገብረመድኅን፣ አንኮበር

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የአንኮበር ብርድ ዘንድሮ ምን ያህል በርትቶ ይሆን? እኔ፣ ባለቤቴ ዓለምሰገድና አዲሷ ልጃችን ኪዲ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። መስቀልዎን ከሩቅ ተሳልሜያለሁ።

እማዬ እኔን ለማረስ ጥቅምት ላይ ከገባች ወዲህ ቤቱ ቤት ሆኗል። ያለነው መንግሥት በሚያከራየው የካውንስል ሕንፃ አራተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱን “የብረት ሣጥን” ብላ ስም አውጥታለት አልገባም አለች። ደረጃውን በእግሯ ትወጣና በየፎቁ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ስትቆም ጎረቤቱን ሁሉ በአማርኛ ሰላም ትላለች። እነሱም በራሳቸው ቋንቋ ይመልሱላታል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ የእማዬ ክንድ ምንም ሳይነካት ይበልዛል። አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ይወጣል። ትናንት ጀርባዋን ሳሻት የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር ነገር አየሁ። “ኪዲን ሳቅፍ ነው” ትላለች፤ አራት ኪሎ የማትሞላ ሕፃን እንዲህ አታደርግም። ሕፃኗን ልትመዝን የምትመጣው ነርስ የእማዬን ክንድ አየችና ወዲያው ዞራ ዓለምሰገድን አየችው። እሱም ከዚያ ቀን ወዲህ ነርሷ ስትመጣ ቀድሞ ሻይ እያፈላ፣ ዳይፐር እየቀየረ ደግነቱን ያስመሰክራል። በዚህ ስቀናል፤ ግን እኔ ውስጤ ፈርቷል።

የሰፈራችን ሐኪም ለደም ምርመራ አፖይንትመንት ይዞላታል፤ ለጥር መጨረሻ ነው። በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ በሽታ ነበር ወይ ብሎም ጠይቆኛል። እሷን ስጠይቃት “እኛ ዘንድ በሽታ የለም” ብላ ዘጋችው። እርስዎ የአክስቷ ልጅ ነዎት፣ በአንድ ቤት አድጋችኋል። የሚያውቁትን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ብፅዓት


አንኮበር
ጥር 2 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለልጄ ለብፅዓት

የጌታ ሰላም በቤትሽ ይደር። ኪዲን እንደ ስሟ ኪዳን ያድርግልሽ። ዓለምሰገድንም ሰላም በይልኝ፤ ሻይ ማፍላቱን ከፍርሃትም ይሁን ከፍቅር አይተውብን። እኔ ደኅና ነኝ። ብርዱ እንደ ድሮው ነው፤ ጉልበቴ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

የእቴ የውባንቺን ነገር ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። በልጅነቷም በቅሎ አልቀመጥም ብላ እስከ ደብረ ብርሃን በእግሯ ያስከተለችን ሴት ናት። ቀጥዬ ሳነብ ግን ሳቄ ጠፋ።

ደም ፈሶት የሞተ ሰው በቤታችን አላውቅም። ይሁን እንጂ እናቷ በስተርጅና ሰውነቷ እንዲሁ ሲጠቁርባት “ደም በዝቶባት ነው” ተብሎ ዋግምት ተደረገላት። ጀርባዋ ብጥት ብጥት ተደርጎ መጥፎው ደም በቀንዱ ከተሳበላት በኋላ ስድስት ዓመት ኖራለች። አንቺም እንዲሁ አድርጊላት። ያን ያህል የአገር ሰው ባለበት ከተማ እጇ የቀና ሴት አትጠፋም። የፈረንጁን ቀጠሮ እጅሽን አጣጥፈሽ አትጠብቂ። ይህን እንደ አጎትሽም እንደ ነፍስ አባትሽም ነው የምልሽ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቅዳሴ ላይ ፊደሉ እየሸሸኝ ነው። ባለፈው እሑድ ሁለት መሥመር ዘልዬ ዲያቆኑ ሲስቅ ሰማሁት። የንባብ መነጽር ብትልኪልኝ ለፋሲካ ይደርስልኝ ነበር።

እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።

ገብረመድኅን


ለንደን
የካቲት 1 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለነፍስ አባቴ ለመምሬ ገብረመድኅን

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎ በሰዓቱ ደርሶኛል። ይህን የምጽፈው ከሆስፒታል፣ ከእማዬ አልጋ አጠገብ ነው። አሁን ተኝታለች፤ መተንፈሷን በየመሥመሩ ቀና እያልኩ አያለሁ።

ጀርባዋ ላይ ትንሽ ቁስል ነበረባት፤ ደሙ አልቆም አለ። ፎጣ ብናስር፣ ሌላ ብንደርብ ያው ነው። በማግስቱ ደግሞ ጭኗ አብጦ እንደ እንጨት ጠነከረ፤ ፊቷም ነጣ። አምቡላንስ ጠራን። ለካ ደሙ ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን በሥጋዋ ውስጥም ይፈሳል።

ሐኪሟ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። በደማችን ውስጥ ደምን የሚያረጋ ነገር አለ። የእማዬ ሰውነት፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ፣ ይህን የገዛ ራሱን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋዋል። ከዘር የመጣ አይደለም፤ በስተርጅና እንዲሁ የሚመጣበት ሰው አለ ብላኛለች። መጀመሪያ ከሰው ደም የተዘጋጀ መድኃኒት ሰጧት፤ ሰውነቷ እሱንም አጠፋው። ቀጥሎ ሐኪሟ ሌላ መድኃኒት አለ አለች። ከአሳማ ደም የሚሠራ ነው። የአሳማው ከሰው ትንሽ ስለሚለይ ሰውነቷ ቶሎ አያውቀውም፤ እስኪያውቀው ድረስም ደሙን ያቆምላታል።

አባቴ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚያውቅ ከእኔና ከእማዬ በቀር ሰው አልነበረም። ሐኪሟ “ንገሪያት፣ ትስማማ እንደሆነ ጠይቂልኝ” አለችኝ። እኔም “መድኃኒቱ ከእንስሳ ነው” አልኳት። እማዬም ዓይኗን ገልጣ “ከምን እንስሳ?” አለችኝ።

ከበግ ነው አልኳት።

“በግስ ደግ ነው” አለችና እጇን ዘረጋች። እኔ ወደ ሐኪሟ ዞሬ “ተስማምታለች” አልኩ። መድኃኒቱ ሲገባ ብርድ ብርድ አላት፣ ጥርሷ ተፋጨ፣ እኔም በውሸቴ የገደልኳት መሰለኝ። ከዚያ ግን ትኩሳቱ በረደ፤ ደሙም ቆመ። ከዚያ ወዲያም ሁለት ጊዜ ጠይቃኝ ሁለት ጊዜ በግ ብያታለሁ።

እሷ አሳማ የሚሸጥበት ሱቅ ገብታ ዳቦ የማትገዛ ሴት መሆኗን ያውቃሉ። ብነግራት እምቢ ትላለች፤ እምቢ ካለች ትሞታለች። መድኃኒቱ እንደገና ሊያስፈልግ ይችላል ተብያለሁ። ኃጢአቱ በእሷ ላይ ነው ወይስ በእኔ? እሷ ሳታውቅ ይፈቱኛል? መልስዎን በእኔ ስም ይላኩ። ለእሷ ምንም አይጻፉ።

ፈርቻለሁ።

ብፅዓት


አንኮበር
የካቲት 22 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለልጄ ለብፅዓት

እግዚአብሔር ውባንቺን ይማርልን፤ አንቺንም ያጽናሽ። ደብዳቤሽ ከትናንት በስቲያ ደረሰኝ። አንብቤው አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ደግሜ አወጣሁት፤ እንደገና ከተትኩት።

ስለ አሳማው ወዲያው መልስ አላገኘሁም፤ አልዋሽሽም። ከእኔ የሚበልጡትን መሪጌታ ሳህሌን ሄጄ የማን ጉዳይ እንደሆነ ሳልናገር ጠየቅኋቸው። እሳቸውም “ነፍስ ለማትረፍ በመርፌ የገባ ነገር ማዕድ አይደለም” አሉኝ። እኔም ተቀብዬዋለሁ። ከዚህ በኋላ የመድኃኒቱን ነገር እኔ ተሸክሜዋለሁ፤ በዚህ አትጨነቂ።

ውሸቱን ግን አልሸከምልሽም። ሰውነቷ የእሷ ነው፤ ነፍሷም የእሷ ናት። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ጾሙን በውሸት ተከናንባ እንዳትጾም፣ እውነቱን ንገሪያት። አሳማ መሆኑን ንገሪያት፤ እኔ ፈቅጃለሁ ማለቴንም ንገሪያት። እምቢ ብትል ምን ይደረጋል ትዪኛለሽ። አላውቅም። ይህን ስጽፍ እኔም እፈራለሁ።

አንድ ነገር ሳትጽፊልኝ አለፍሽ። ጀርባዋ ላይ ትንሽ ቁስል ነበረባት አልሽ፤ ከምን እንደመጣ አልነገርሽኝም። እኔ ጥር ላይ የጻፍኩልሽን አልረሳሁም። ያ ቁስል ዋግምት ነው? እውነቱን ጻፊልኝ። ስለ መነጽሩ አታስቢ፤ ለጊዜው ይቆይ።

ገብረመድኅን


ለንደን
መጋቢት 14 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለነፍስ አባቴ

ዛሬ የጤናዎን ሳልጠይቅ ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ። የሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

እማዬ ጾም ከገባ በኋላ ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ነበረች። ሰውነቷ የገዛ ደሙን መዋጋቱን የሚያበርድ ክኒን ተሰጥቷታል፤ ዕብጠቱም ሟሽሾ ነበር። ልነግራት በየቀኑ አስብና ፊቷን ሳይ እተወዋለሁ። ነገ እላለሁ፣ ነገ ደግሞ ኪዲ ታለቅሳለች፣ ወይ የሥራ ሰዓት ይደርሳል። ቅዳሜ እኔ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል በሚባል ሰፈር ቢሮ ሳጸዳ፣ ዓለምሰገድ ታክሲው ላይ ሆኖ፣ ፖስተኛው የእርስዎን ደብዳቤ በበሩ ቀዳዳ ጣለው። ስሙ የእኔ ነው። ጽሕፈቱ ግን የእርስዎ ነው። ፊደል ያስቆጠሯት እርስዎ ነዎት፤ እጅዎን ከእኔ በፊት ታውቀዋለች። ደኅና መሆንዎን ለማየት ብላ ከፈተችው።

ስመጣ ኪዲን አቅፋ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ የጸሎት መጽሐፏ እንዳይታጠፍ ተጭኖታል። “መምሬ ደኅና ናቸው፤ ጉልበታቸውን አልጻፉም” አለችኝ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ጨው አቀብዪኝ፣ ልጅቷን ያዢልኝ ብቻ እየተባባልን ኖርን።

ዛሬ ጠዋት ስትነሳ አፏ ተሳሰረ። ምላሷ ሥር ደም ቋጥሮ አንገቷ ድረስ አብጧል። ሐኪሟ ዕብጠቱ ከጨመረ ጉሮሮዋን ይዘጋዋል፤ የአሳማውን መድኃኒት አሁኑኑ ልጀምርላት አለች። ላስተረጉም አፌን ስከፍት እማዬ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። ጣቷን ወደ እኔ ጠቁማ ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሟ ምን ማለቷ ነው ብላ ጠየቀችኝ። በእኔ አፍ መስማት አልፈልግም ማለቷ ነው ብዬ አስተረጎምኩ።

ሌላ አስተርጓሚ በስልክ ተፈልጋ ከፊንስበሪ ፓርክ እየመጣች ነው። እስከዚያ ሌላ መድኃኒት ሰጥተዋታል፤ ዕብጠቱን ብዙም አልገታውም። አእምሮዋ ሙሉ ነው፤ ካልፈቀደች አንወጋትም ብለዋል። በመስተዋቱ አያታለሁ። እሷ አታየኝም።

ስለ ቁስሉ ጠይቀውኛል። አዎን፣ ዋግምት ነው። ደብዳቤዎ በደረሰ በአራተኛው ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ ፊንስበሪ ፓርክ ወዳለችው ወይዘሮ ጽጌ ወሰድኳት። ቀንድ ስለሌላት በጠርሙስ ነው ያደረገችው፤ ሦስት ቦታ በጣቻት። እኔ ነኝ ጀርባዋን የያዝኩት። ለሐኪሟ ነግሬያለሁ። ለእርስዎ ያልጻፍኩት እንዳያዝኑ ብዬ ነው፤ ይህም ያው ውሸት ሆነ መሰለኝ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ነገሩ ወይ በዚህ ወይ በዚያ ካለቀ ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። አሁን አንዲት ልጅ አጠገቤ መጥታ አማርኛ ትናገሪያለሽ ወይ አለችኝ። አስተርጓሚዋ ናት። ዓለምሰገድ ፖስታ ቤት ያስገባዋል፤ እዚህ ላይ ላቁም።

ብፅዓት


አንኮበር
ሚያዝያ 4 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለልጄ ለብፅዓት

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለማን ብዬ ሰላም እንደምል ግን አላውቅም። ለሁላችሁም ይሁን።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ቀኔ ነው። ትናንት ደብረ ብርሃን ወርጄ ቴሌ ስልክ አስደወልኩ። ከቀትር በፊት መስመር አልተገኘም፤ ከቀትር በኋላ ጠራ፣ የሚያነሳ አልነበረም። ቤቱን ባዶ ያደረጋችሁት ለምን እንደሆነ እያሰብኩ አቀበቱን ተመለስኩ።

ልጄ፣ ቅዳሴ ላይ በሕይወት ያሉትን አንድ ቦታ ላይ፣ ያረፉትን ሌላ ቦታ ላይ እናነሳለን። እሑድ የውባንቺን ስም የት እንደማነሳው ቸገረኝ። ከሕያዋን ጋር ልጠራት ስል ሞታ ከሆነ ብዬ ፈራሁ። ከሙታን ጋር መጥራትማ በገዛ አፌ እንደ መቅበር ሆነብኝ። ዲያቆኑ ዝም ስል አቅጣጫ የጠፋኝ መስሎት መሥመሩን በጣቱ አሳየኝ። ከሕያዋን ጋር ጠራኋት፤ ድምፄ ግን አልወጣም።

ዋግምቱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እጅሽን አጣጥፈሽ አትጠብቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ያውም በነፍስ አባትነቴ ስም። ሐኪም አይደለሁም፣ ሐኪም አይደለሁም ማለት ግን አላወቅሁበትም። አንቺን ውሸትሽን ተናዘዢ እያልኩ ደብዳቤ ስጽፍ የእኔ ምክር ጀርባዋን በጥቶት ነበር። በሕይወት ካለች ይህን አንብቢላት። ከሌለች እኔ ምን እንደምሆን አላውቅም።

መነጽር አልፈልግም። አንዲት መሥመር ጻፊልኝ።

ገብረመድኅን


ለንደን፣ ብሪክስተን
ሚያዝያ 26 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለነፍስ አባቴ ለመምሬ ገብረመድኅን

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። እማዬ በሕይወት አለች። ሌላውን ሁሉ ከዚህ በታች ያንብቡት።

ይህን ያህል ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ዛሬ ደኅና ናት ብዬ ጽፌ፣ ወረቀቱ መንገድ ላይ ሳለ ነገሩ ቢለወጥስ ብዬ ፈራሁ። እማዬ ቤት እስክትገባ ሁላችንም ሆስፒታል እንውል ስለነበር ስልኩን የሚያነሳ አልነበረም።

ያን ቀን የመጣችው አስተርጓሚ ቲጂ ትባላለች። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት፤ አሳማው ለእሷ ምኗም አልነበረም። ልትናገር ስትጀምር ግን እማዬ እሷንም በእጇ ከለከለቻት። ምላሷ አልዞር ብሏት፣ አንድ አንድ ቃል እየለቀመች፣ “አንቺ ስሚ። እሷ ትናገር። ከሳተች ንገሪኝ” አለቻት። ሐኪሟ ምን እየተደረገ እንደሆነ አልገባትም፤ ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቆምኩ።

“እማዬ፣ መድኃኒቱ ከአሳማ ደም የተሠራ ነው። ያኔም ይኸው ነበር። በግ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው” አልኩ።

እማዬ ወደ ቲጂ ዞረች። ቲጂ “ልክ ነው እማማ፤ ሐኪሟም ይህንኑ ነው ያሉት” አለቻት። እማዬም እጅጌዋን ራሷ ሰብስባ ክንዷን ለሐኪሟ ዘረጋች።

መናገር ስትችል፣ በአራተኛው ቀን፣ “አሳማውን ለገብሬ ትቼዋለሁ፤ ተሸክሜዋለሁ ብሎ የለ፣ ይሸከማ” አለችኝ። ገብሬ የምትለው እርስዎን መሆኑን ያውቃሉ፤ ይቅር ይበሏት። “እኔን ያሳመመኝ በገዛ ደሜ ጉዳይ በገዛ ልጄ እንደ ሕፃን መታለሌ ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቅሁሽ፣ ሦስቴም በግ አልሽኝ” አለችኝ። እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ማንም የሚናገረውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስተረጉምላት፣ የእሷንም እንዲሁ ላስተረጉም ቃል አስገባችኝ።

አሁን አሥራ ሁለት ቀን ደም አልፈሰሳትም። ሰውነቷን የሚያበርዱት ክኒኖች እየሠሩ ነው፤ የደሟን ማርጊያ የሚያጠፋውን ነገር ሐኪሟ ስትለካው ቁጥሩ ከአርባ ወደ ስድስት ወርዷል። ነገር ግን አላለቀም ብላናለች። ሰውነቷ የአሳማውንም መድኃኒት መለየት ጀምሯል፤ ሕመሙ ከተመለሰ እሱም ላይሠራ ይችላል። ይህንንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ለእማዬ ነገርኳት። “ሰማሁ” አለችና ኪዲን አምጪልኝ አለች። አሁንም በየጠዋቱ ከመልበሷ በፊት ክንዷን አያለሁ። መፍራቴን አላቆምኩም።

ደብዳቤዎን ትናንት አነበብኩላት። ስለ ስሟ የጻፉት ጋ ስደርስ ድገሚው አለችኝና ደገምኩላት። ቆይታ “በይ ጻፊ” አለችኝ። እንዲህ ነው ያለችው፦ “ገብሬ፣ ዋግምቱን ያሰብኩት እኔው ነኝ። ያንተ ደብዳቤ ሳይደርስ ገና ድሮ ጽጌን አነጋግሬያት ነበር። አንተ ብትጽፍም ባትጽፍም መበጣቴ አይቀርም ነበርና ከራስህ ላይ አውርደው። ስሜንም ከሕያዋን ጋር ድምፅህን ከፍ አድርገህ ጥራው።”

እማዬ እንዳለችው ጻፍኩት። ነገር ግን ቃል ገብቻለሁና ይህንንም እጨምራለሁ። ጽጌ የምትባል ሴት መኖሯን እማዬ ያወቀችው የእርስዎ ደብዳቤ ደርሶ እኔ አፈላልጌ ካገኘኋት በኋላ ነው። ይህን መጻፌን ለእማዬ ነገርኳት። “በግ ነው በይው እንግዲህ” አለችኝና ሳቀች። ታምማ ከተኛች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

መነጽሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። እማዬ ራሷ ሱቅ ሄዳ፣ ሊፍት ገብታ ወርዳ፣ የመረጠችው ነው።

ልጅዎ ብፅዓት